ለመሄድ የሚሰለፉ ከዋክብት፦ የታችኛው ሊግ የኦል ስታር ጨዋታ ታሪክ

የጄራልድ ግሪንን ስም የሚያውቁ ብዙ ሰዎች የሚያስታውሱት በ2007 ላስ ቬጋስ ላይ የቦስተን ሴልቲክስን መለያ ለብሶ የአሜሪካው ከፍተኛ የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤን የደንክ ውድድር፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ ወደ ቅርጫቱ የመክተት ፉክክር፣ ያሸነፈበትን ምሽት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀኖች፣ ወራትና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ቅዳሜና እሁድ፣ በዚያችው ከተማ፣ ኤንቢኤ ራሱ የሚያስተዳድረው የታችኛው ሊግ የመጀመሪያውን የኦል ስታር፣ ማለትም የምርጥ ተጫዋቾቹን፣ ጨዋታ አድርጎ ነበር፤ ግሪንን ሲያጨበጭብለት ከነበረው ሕዝብ ውስጥ ግን ስለዚያ ጨዋታ የሰማ ብዙ ሰው እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2012 በኦርላንዶ፣ ግሪን የዚያው የታችኛው ሊግ የኦል ስታር ጨዋታ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በመካከሉ ከኤንቢኤ ወጥቶ ሩሲያ ተጫውቷል፣ ቻይና ሄዷል፣ ከዚያም የሎስ አንጀለስ ዲ ፌንደርስ ተጫዋች ሆኖ ከታች ጀምሯል። ከኦርላንዶው ጨዋታ ጥቂት ቀናት በኋላ ኒው ጀርሲ ኔትስ የአሥር ቀን ውል ሰጡት፤ በመጋቢት ወር ከሂውስተን ጋር ሲጫወቱ ደግሞ በአየር ላይ የተቀበለውን ኳስ ክንዱን እንደ ወፍጮ አዙሮ ሲያስቆጥር ጭንቅላቱ ከቀለበቱ ትይዩ የደረሰበት ያ ደንክ ዓለምን ዞረ። በዚያው ክረምት ኢንዲያና ፔሰርስ የሦስት ዓመት ውል አስፈረሙት።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት የታችኛው ሊግ የኦል ስታር ጨዋታ ምን እንደሆነ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ስለሚያሳይ ነው። በኤንቢኤ ለኦል ስታር መመረጥ የሥራው ጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ሰገነት የለም። በታችኛው ሊግ ግን ክብሩ የሚሰጠው ከዚያ ሊግ ለመውጣት ሌት ተቀን ለሚለፋ ሰው ነው፤ ምርጥ የተባለው ተጫዋች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ከመድረሱ በፊት ተጠርቶ ወደ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ሊግ ከዋክብቱን ሰብስቦ ለማክበር ሲነሳ ዋነኞቹ ከዋክብት ቢጎድሉበት፣ የቀሩትም ልባቸው ሌላ ቦታ ቢሆን፣ ጨዋታው የማን በዓል ነው? የዚህ ጨዋታ ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግለት የኖረ ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1946 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር፣ በኋላ ኤንቢኤ የሆነው ሊግ ከመመሥረቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የፋብሪካ ከተሞች ውስጥ የምሥራቅ ፔንሲልቬንያ የቅርጫት ኳስ ሊግ ተቋቋመ። ዊልክስ ባሬ፣ ሄዝልተን፣ አለንታውን፣ ሬዲንግ፣ ላንካስተር፣ ከኒውዮርክ ግዛት ደግሞ ቢንጋምተን የመጀመሪያዎቹን ቡድኖች አሰለፉ። ተጫዋቾቹ በሳምንቱ መካከል አስተማሪ፣ የሽያጭ ሠራተኛ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ውለው ቅዳሜና እሁድ በመኪና ተጭነው ለጥቂት ዶላር የሚጫወቱ ነበሩ። ሊጉ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ከቀያየረ በኋላ በ1978 ኮንቲኔንታል የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በአጭሩ ሲቢኤ፣ ተባለ፤ በ1946 በመወለዱም ራሱን የዓለም አንጋፋው ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ እያለ ይጠራ ነበር።

የኤንቢኤ የኦል ስታር ጨዋታና ይህ የምሥራቁ ሊግ በአንድ ቅሌት የተሳሰሩ መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም። በ1951 መጀመሪያ ላይ የኒውዮርክ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ የጨዋታ ውጤት ያዛቡ እንደነበር ተጋለጠ፤ የቅርጫት ኳስ ስምም ጭቃ ላይ ወደቀ። የኤንቢኤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረው ሃስኬል ኮኸን የሕዝቡን ልብ ለመመለስ እንደ ቤዝቦሉ የከዋክብት ጨዋታ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ የሴልቲክስ ባለቤት ዋልተር ብራውን ደግሞ ኪሳራ ቢመጣ እኔ እችላለሁ ብሎ ቦስተን ጋርደንን ሰጠ። መጋቢት 2 ቀን 1951 ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ተመልካች በተገኘበት ምሥራቅ ምዕራብን 111 ለ94 አሸነፈ፤ ሐሳቡም ሥር ሰደደ።

በቅሌቱ የተያዙት ልጆችስ የት ሄዱ? ኤንቢኤ በሩን ዘጋባቸው። በአገሪቱ ካሉ የኮሌጅ ተጫዋቾች በነጥብ አግቢነት ቀዳሚ የነበረው የሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲው ሸርማን ዋይትና የሲቲ ኮሌጁ ፍሎይድ ሌን ችሎታቸውን ይዘው ወደ ፔንሲልቬንያ ከተሞች ወረዱ። ከእነርሱ ጋር ምንም ያላጠፉ፣ ነገር ግን ሥራው የጠበባቸው ብዙ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤንቢኤ የነበሩት ቡድኖች ስምንት ብቻ ሲሆኑ በእነዚያም ውስጥ ለጥቁር ተጫዋች የሚከፈተው ቦታ ውስን ነበር። በ1955 እና 56 የውድድር ዘመን የሄዝልተን ሆክስ ቡድን ዋይትንና ሌንን ጨምሮ አምስቱንም ቋሚ ተሰላፊዎቹን ጥቁር ተጫዋቾች አደረገ፤ ኤንቢኤ ውስጥ እንዲህ ያለ አሰላለፍ የታየው በ1964 መጨረሻ በሴልቲክስ ነው። እነዚህን ሰዎች ሳስብ የሚያሳዝነኝ፣ ከፊሎቹ በራሳቸው ጥፋት፣ ከፊሎቹ ያለ አንዳች ጥፋት፣ በአገሪቱ ከምርጦቹ ጎን ሊቆሙ የሚችሉ ሆነው ሳለ ከዋክብት ተብለው የሚጠሩበት መድረክ ከአንዲት የማዕድን ከተማ አዳራሽ ያላለፈ መሆኑ ነው።

ሲቢኤ የሚለው ስም ከመጣ በኋላ የሊጉ ዓላማ ተለወጠ። የቅዳሜና እሁድ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የኤንቢኤ በር ላይ የሚጠበቅበት ወንበር ሆነ። በኤንቢኤ አንድ ተጫዋች ሲጎዳ ስልክ ይደወላል፣ ከሲቢኤ አንዱ ሻንጣውን ይዞ ይበራል፣ የአሥር ቀን ውል ይፈርማል፣ ከዚያም ወይ ይቆያል ወይ ይመለሳል። ጆን ስታርክስ፣ አንቶኒ ሜሰን፣ ማሪዮ ኤሊ እና ቲም ሌግለር ሁሉም በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ፊል ጃክሰን ከሻምፒዮናዎቹ ሁሉ በፊት የአልባኒ ፓትሩንስ አሠልጣኝ ሆኖ በ1984 የሲቢኤን ዋንጫ አንሥቷል፣ ጆርጅ ካርል ደግሞ በ1990 እና 91 ያንኑ ቡድን ይዞ ከ56 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች 50ውን አሸንፏል። በዚህ ዘመን የሲቢኤ የኦል ስታር ጨዋታ የውድድር ዘመኑ አጋማሽ በዓል ነበረ፤ የሚደረገውም ከሊጉ ከተሞች በአንዱ ነበር። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፣ ኋላ ግን ዋጋው ይታያል። አንዲት መካከለኛ ከተማ የሊጉን ምርጦች በሙሉ በአንድ ምሽት በገዛ አዳራሿ ታስተናግዳለች፤ በየሳምንቱ ቲኬት ገዝቶ የሚገባው ሰው ባለቤቱ እርሱ ነው።

ሲቢኤ ሙከራ የማይፈራ ሊግም ነበር። ከኋላው የተወረወረ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝበትን የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ የተቀበለው በ1979 ሲሆን የምሥራቁ ሊግ ግን ከ1963 ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። በደረጃ ሰንጠረዥም አንድ ጨዋታ ሰባት ነጥብ ያዘለ እንዲሆን አድርጎ፣ ሦስቱን ለአሸናፊው፣ የቀሩትን አራቱን ደግሞ ከጨዋታው አራት ክፍሎች እያንዳንዱን ሩብ ለሚያሸንፍ ቡድን ያከፋፍል ነበር፤ ስለዚህ ሃያ ነጥብ የተመራ ቡድን እንኳ በመጨረሻው ሩብ የሚታገልለት ነገር አያጣም ነበር። የዛሬ ኦል ስታር ጨዋታዎች ተጫዋቾቹ አይታገሉም እየተባሉ ሲወቀሱና የየሩቡን ውጤት ለየብቻ ለመቁጠር ሲሞከር፣ መነሻ ሐሳቡ ከአርባ ዓመት በፊት በታችኛው ሊግ በየምሽቱ ይሠራበት እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሲቢኤ የወደቀው በድንገት ነው። በ1999 አይዛያ ቶማስ ሊጉን በሙሉ ገዛው፤ በፌብሩዋሪ 2001 ውድድሩ ሳያልቅ ሊጉ ሥራውን አቋረጠ። ስሙ ኋላ ላይ በሌሎች ቡድኖች ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት ቢቆይም የቀድሞ ቦታውን አላገኘም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤንቢኤ የራሱን የታችኛ ሊግ በስምንት የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከተሞች ከፈተ፤ ሊጉ ከ2005 ጀምሮ ዲ ሊግ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከስፖርት መጠጥ አምራቹ ጌተሬድ ጋር በተደረገ ስምምነት ጂ ሊግ ተብሏል። የመጀመሪያዎቹ አምስት የውድድር ዘመኖች የኦል ስታር ጨዋታ አልነበራቸውም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቡድኖቹ በአንድ ወቅት ስድስት ብቻ ቀርተው ነበር፣ ከስድስት ቡድን ሁለት የከዋክብት ቡድን ማውጣትም የሊጉን ግማሽ መጥራት ይሆን ነበር። በ2006 ዳኮታ ዊዛርድስ፣ አይዳሆ ስታምፒድና ሲዩ ፎልስ ስካይፎርስ ከሲቢኤ ወጥተው ሲቀላቀሉ፣ ሌሎችም ሲጨመሩ፣ ሊጉ 12 ቡድን ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ የላስ ቬጋሱ ጨዋታ ተደረገ።

ምሥራቅ ምዕራብን 114 ለ100 ባሸነፈበት በዚያ ጨዋታ ኮከብ የተባለው ፖፕስ ሜንሳ ቦንሱ ነበር፤ ከጋናውያን ወላጆች ለንደን የተወለደ፣ የዳላስ ማቨሪክስ ውል ኖሮት ወደ ፎርት ዎርዝ ፍላየርስ የተላከ ረጅም ተጫዋች። ከዚህ ምርጫ ሁለት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛ፣ የታችኛው ሊግ የመጀመሪያ ኮከብ ደመወዙን ከላይኛው ሊግ ቡድን የሚቀበል ሰው ነበር፤ ይህም ጨዋታው ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሱ የሆነውንና የተዋሰውን ለመለየት እንደተቸገረ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የፎርት ዎርዝ ቡድን ያ የውድድር ዘመን ሲያልቅ ፈረሰ። ኮከቡን ያፈራችው ከተማ ጨዋታውን በአዳራሿ ሳታየው፣ በወራት ውስጥ ቡድኑን ራሱን አጣች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ጨዋታው ኤንቢኤ ኦል ስታር በሚያደርግባቸው ከተሞች፣ በኒው ኦርሊንስ፣ በፊኒክስ፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስ፣ እየተከተለ ሄደ። የሚደረገውም በዋናው ስታዲየም ሳይሆን ለአድናቂዎች መዝናኛ ተብሎ በሚዘጋጀው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ነበር። ይህን አደራረግ በዓይነ ኅሊና ማየት አያስቸግርም፤ ለንግድ ትርኢት በተሠራ ሰፊ አዳራሽ መሐል ተነቃቃይ የእንጨት ወለል ይነጠፋል፣ በዙሪያው ጊዜያዊ መቀመጫ ይደረደራል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ልጆች በትንንሽ ቅርጫቶች ይወረውራሉ፣ ቤተሰብ ከቡድን ምስሎች ጋር ፎቶ ይነሣል፣ በመጋረጃው ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው የሕይወቱን ዕድል ለማግኘት ይሮጣል። ጥቅም አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ የሠላሳው የኤንቢኤ ቡድን ኃላፊዎች በዚያ ቅዳሜና እሁድ በአንድ ከተማ ስለሚገኙ ለመታየት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ከ2008 ጀምሮም የደንክ፣ የሦስት ነጥብና ሌሎች ውድድሮች የተካተቱበት የዓርብ ምሽት ዝግጅት ተጨመረ። የቡድኖቹ ስም ግን መረጋጋት አቃተው፤ አንዴ ምሥራቅና ምዕራብ፣ አንዴ ቀይና ሰማያዊ፣ በ2013 እና 2014 ደግሞ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣቶች የሚያመለክቱት ፕሮስፔክትስና ፊውቸርስ የሚሉት ስሞች መጡ።

ከእነዚያ ጨዋታዎች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የ2010ሩ የዳላስ ጨዋታ ነው። የቤከርስፊልድ ጃሙ ብራያን በች የጨዋታው ኮከብ ተባለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳ። የኤንቢኤ ኮከብ ቢጎዳ ውሉ ይጠብቀዋል፤ ወራት ይታከማል፣ ደመወዙ ይገባል፣ ቦታው ይቆየዋል። በታችኛው ሊግ ያለ ሰው ግን ሀብቱ በማንኛውም ቀን ሊደወል የሚችለው ስልክ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የሊጉ ደመወዝ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ሆኖ ለአንድ የውድድር ዘመን ከአሥራ ጥቂት ሺህ እስከ ሃያ አምስት ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ በ2018 እና 19 እንኳ መደበኛው ውል 35,000 ዶላር ነው። ለዚህ ክፍያ፣ በአዳራሽ ውስጥ በሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ፣ በች እንደ እውነተኛ ጨዋታ ተጫወተ። የላይኛው ኦል ስታር የሚወቀስበት ቸልተኝነት በታችኛው እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው፤ እዚህ ማንም ዘና ብሎ የሚሮጥበት አቅም የለውም። ያ ትጋት ግን ሊያስከፍል የሚችል ሒሳብ አለው።

የአንድሬ ኢንግራም ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በፊዚክስ ዲግሪ የያዘ፣ ገቢው ሲያጥረው ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያስጠና፣ ከሩቅ የመወርወር ችሎታው በሊጉ ሁሉ የታወቀ ተጫዋች ነበር። የሊጉን የሦስት ነጥብ ውድድር በ2010 አሸነፈ፣ በ2016 ደግሞ እንደገና አሸነፈ። በሁለቱ ድሎች መካከል ስድስት ዓመት አለ፤ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድም የኤንቢኤ ጨዋታ የለም። ይህን ሰው የኦል ስታሩ መድረክ አላነሣውም፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበለትና ወደ ቦታው መለሰው። በመጨረሻ፣ በሚያዝያ 2018፣ በ32 ዓመቱ፣ አሥር የውድድር ዘመን ከታች ካሳለፈ በኋላ፣ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አስፈረሙት፤ የመጀመሪያውን ምሽት ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር 19 ነጥብ አስቆጠረ፣ ሕዝቡም ለእርሱ እንደ ሻምፒዮን ጮኸ። እርሱን ያስጠራው አንድ ምሽት የታየ ብልጭታ ሳይሆን የአሥር ዓመት ጽናት ነበር።

በሌላ በኩል መድረኩ በትክክል የጠቆማቸው አሉ። የ2014ቱ ኮከብ ሮበርት ኮቪንግተን በዚያው ዓመት መጨረሻ ፊላዴልፊያ ገብቶ በ2018 ከሊጉ አምስት ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ተባለ። የ2017ቱ ኮከብ ኩዊን ኩክ ከጨዋታው በሳምንታት ውስጥ በኤንቢኤ ውል አገኘ፤ ከዚያም ከጎልደን ስቴት ጋር በ2018፣ ከሌከርስ ጋር በ2020 ሻምፒዮን ሆነ።

የኩክ ጨዋታ ከተደረገ በኋላ አሮጌው መልክ አበቃ። በ2017 የሁለት መንገድ የሚባለው ውል ሲመጣ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ የላይኛውም የታችኛውም ሊግ ሆነ፣ ከታች ያለው ማን እንደሆነ መለየትም ይበልጥ አስቸገረ። በ2018 በሎስ አንጀለስ የሁለት ከዋክብት ቡድኖች ጨዋታ ቀርቶ ከጂ ሊግ የተመረጡ አሜሪካውያን ከሜክሲኮ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተጫወቱ። ጊዜው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች በውድድር ዘመኑ መካከል የገቡበት፣ የኤንቢኤ ተጫዋቾች መሄድ ስለማይችሉም የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን የጂ ሊግ ተጫዋቾች ተሸክመው በጄፍ ቫን ጋንዲ አሠልጣኝነት ያለፉበት ነበር። ከሞከሩት ቅርጾች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋቾቹ የሌላ ሰው በዓል ማሟያ መሆናቸው ቀርቶ ራሳቸው የሠሩት ሥራ ታየ። የሜክሲኮ ሲቲው ካፒታኔስ ቡድንም በ2021 ጂ ሊግን ተቀላቀለ።

በ2022 ክሊቭላንድ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ኮሌጅ ከመግባት ይልቅ ደመወዝ ለመረጡ ወጣቶች የተቋቋመው ኢግናይት ቡድን ከከተማው የጂ ሊግ ቡድን ከክሊቭላንድ ቻርጅ ጋር ተጋጠመ። በ2023 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የከዋክብት ምርጫው ተመለሰና ስኩት ሄንደርሰንና ሉካ ጋርዛ ቡድኖቹን በየስማቸው መሩ። ኢግናይት በ2024 ተዘጋ። በዚህ ሁሉ ወቅት ከጂ ሊግ ወጥቶ በኦል ስታር ቅዳሜና እሁድ እውነተኛ ነጎድጓድ ያሰማው በዋናው መድረክ ላይ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ ማክ ማክላንግ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ የኤንቢኤን የደንክ ውድድር አሸነፈ፣ በ2024 ደግሞ የጂ ሊግ የውድድር ዘመን ኮከብ ተባለ። ሕዝቡ የታችኛውን ሊግ ተጫዋች ማየት አይፈልግም የሚለው አባባል በእርሱ ፊት አይቆምም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሊጉ ከ2005 ጀምሮ ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ቦታ የሚሰበስብበትና የኤንቢኤ መልማዮች በጥቂት ቀናት ሁሉን የሚያዩበት ሾውኬዝ የሚባል ዝግጅት አለው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ ቡድን ጋር፣ በእውነተኛ ጨዋታ፣ ይመዘናል። ስለዚህ ለመታየት የኦል ስታሩ ጨዋታ አስፈላጊ የነበረበት ምክንያት ከተነሣ ቆይቷል፤ የቀረው ክብር መስጠቱ ነው። ክብር ደግሞ የሚሰጠው ተጫዋቹን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ሲዩ ፎልስ ስካይፎርስ በ1989 በሲቢኤ የተወለደ፣ ሲቢኤ ሲወድቅ ያልጠፋ፣ በሁለቱም ሊጎች ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው፤ የሚጫወትበት ሳንፎርድ ፔንታጎን ከሦስት ሺህ ትንሽ ከፍ የሚል ተመልካች ይይዛል። ጨዋታውን ከኤንቢኤ ሳምንት አውጥቶ እንዲህ ወዳሉ ከተሞች በየተራ መውሰድ፣ የተጠሩት ሄደው የቀሩት ቢመጡም እንኳ፣ ዛሬ ካለው ቅርጽ የተሻለ ነው። የኤንቢኤ ኃላፊዎች ካሜራ አይቀርባቸውም፤ ቲኬቱን የሚገዛው ግን እነዚያን ተጫዋቾች ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በየሳምንቱ የሚያያቸው ሰው ይሆናል።